የሥራ ዝርዝሬን መጠበቅ ራሱ ሥራ ሆነብኝ፤ እንዴት ላቅልለው?

መጋላ_ስፌት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ መጋላ ውስጥ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ፤ ሁለት ማሽንና አንዲት ረዳት። ከዚያ ውጪ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የቤት ኪራይ፣ እቁብ፣ የእናቴ መድኃኒት ሁሉም በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው።

አሁን የምጠቀመው ስልኬ ላይ ያለ የሥራ መመዝገቢያ አፕ ነው። 9 ምድብ፣ 4 ቀለም፣ 3 የአስቸኳይነት ደረጃ አውጥቼለታለሁ። ዛሬ ስቆጥር 143 ያልተነካ ነገር ተደርድሮበታል፤ ከግማሽ በላዩ "አስቸኳይ" ይላል። እሱን ለማስተካከል ብቻ ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ሲሰለቸኝ ደግሞ ቴሌግራም ላይ ለራሴ እልካለሁ፣ የደንበኛ ልኬት ያለበት ወረቀት ጀርባ ላይ እጭራለሁ። አንዱ ጉዳይ አራት ቦታ ተጽፎ ቀኑ ያልፋል።

የምጠይቀው፦ ወረቀት ይሻላል ወይስ ስልክ? ስንት ምድብ ይበቃል? በየወሩ የሚመላለሱትን የት ላስቀምጥ? ዋናው ግን ሁለት ሳምንት ሄዶ የማይቆም አሠራር ነው የምፈልገው።

ከዚራ_ጥላ፦

እህቴ፣ ወረቀት ይሁን ስልክ የሚለውን ለጊዜው ተዪው። ያስቸገረሽ ሦስት ዓይነት ነገር አንድ ከረጢት ውስጥ መግባቱ ነው፤ ትዕዛዝ፣ ቀጠሮ እና ሥራ። ሦስቱ የሚታዩበት ጊዜም፣ የሚያልቁበት መንገድም ይለያያል።

ትዕዛዝ መዝገብ ነው። የደንበኛ ልብስ የሚገባው በትዕዛዝ መዝገብ ብቻ ነው፦ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የልብሱ ዓይነት፣ ልኬት፣ ቀብድ፣ ቀሪ ሒሳብ፣ መረከቢያ ቀን። ቁጥሩን ትንሽ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ጨርቁ ላይ በመርፌ ቁልፍ ያዢው። ከዚያ በኋላ የሥራ ዝርዝርሽ ላይ "የእገሌ ቀሚስ" የሚል ነገር አይጻፍም። የሚጻፈው "ለቁ. 57 ባለ 50 ሳንቲ ጥቁር ዚፕ መግዛት" ነው። ስሙ፣ ልኬቱ፣ ዋጋው መዝገቡ ላይ ስላለ ዝርዝሩ ላይ አይደገምም። የደገምሽው ነገር አንዱ ጋ ሲቀየር ሌላው ጋ ሳይቀየር ይቀራል፤ ከዚያ የትኛውን እንደምታምኚ ትቸገሪያለሽ። ሰው ዝርዝሩን ማየት የሚያቆመው እዚያ ላይ ነው።

ቀጠሮ ሰዓት ያለው ነገር ነው፤ የወላጅ ስብሰባ፣ ሐኪም ቤት። እሱ ስልክ ላይ ከነማስታወሻ ድምፁ ይግባ። "ቢቻል ማክሰኞ" የሚባለውን ግን ስልክ ላይ አታስገቢ፤ ቀኑ ሳይሠራ ካለፈ ወደ ቀጣዩ ቀን እየገፋሽ ታስተካክያለሽ። ማታ የሚበላብሽ ግማሽ ሰዓት በአብዛኛው ይሄ ነው።

የቀረው ሥራ ነው። ለእሱ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ይበቃል። ግራው ገጽ የተከማቸው፣ ቀኙ ገጽ የዛሬው። ማታ ማሽኑን ሸፍነሽ ከመውጣትሽ በፊት ከግራው ቢበዛ 5 መስመር መርጠሽ ቀኙ ላይ ከነገው ቀን ጋር ጻፊ። አምስት የምለው በግምት አይደለም። አንዱ በአማካይ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ሱቅ ለከፈተ ሰው ደግሞ ቀሪው ሰዓት የሚሄደው ለልኬት፣ ለድርድርና ለመደበኛው ስፌት ነው። 12 መስመር የጻፈ ሰው 4ቱን ሠርቶ 8ቱን ያሳድራል፤ በሦስተኛው ቀን ገጹን ማየት ያስጠላዋል።

የአጻጻፉ ነገር። እያንዳንዱ መስመር እጅሽ የሚሠራውን ድርጊት ይያዝ፦ መግዛት፣ መደወል፣ መቁረጥ፣ መክፈል። "ማሽን" ብለሽ ብቻ ከጻፍሽ በየቀኑ ስታነቢው "ምን ነበር?" ብለሽ እንደገና ማሰብ ሊኖርብሽ ነው፤ ማሰቡ ስለሚከብድ ታልፊዋለሽ። ምልክቱ ከአራት አይበልጥ፦ ሲያልቅ ራይት፣ ወደ ሌላ ገጽ ሲዛወር ቀስት፣ ሲተው ኤክስ፣ ከሰው የምትጠብቂው ከሆነ "ጠ" ከነቀኑ። ለምሳሌ "ጠ፣ ጥቅምት 12፣ ገበር ጨርቅ ከአዲስ አበባ" ማለት ያን ቀን አዘሽ እየጠበቅሽ ነው ማለት ነው። "ጠ" የተደረገበት መስመር ዛሬ የምትሠሪው የለውም፤ ስለዚህ ወደ ቀኙ ገጽ አይሻገርም።

ግራው ገጽ ሞልቶ ሳለ ሳይሠራ የቀረው 5 ወይም 6 ከሆነ፣ የቀረውን በእጅሽ ወደ አዲሱ ግራ ገጽ ገልብጪና አሮጌውን በሰያፍ መስመር ዝጊው። መገልበጡ ድካም መሆኑ ነው ጥቅሙ። ሦስተኛ ጊዜ ልትገለብጪው ብዕር ያነሳሽለት ነገር ወይ በጣም ትልቅ ነው፣ መከፈል አለበት፤ ወይም አትፈልጊውም፣ ኤክስ ይደረግበት። አፕ ላይ እንዲህ ያለ ማጣሪያ የለም፤ 143 ነገር ያለምንም ድካም ተከማችቶ ይቀመጣል።

የአስቸኳይነት ደረጃውን ሙሉ በሙሉ አጥፊው። ሰው ደረጃ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ በሳምንቱ ሁሉም ቀይ ይሆናል። በምትኩ ቀኙ ገጽ ላይ የላይኛው መስመር መጀመሪያ ይሠራል፣ አለቀ።

ደንገጎ_ቁልቁለት፦

ከላይ ባለው እስማማለሁ። ቀጠሮ ስልክ ላይ ይግባ ስለተባለ ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የስልኩ ሰዓት ከእኛ ሰዓት በ6 ይለያል። ጧት 3፡00 ስልኩ ላይ 9፡00 ኤኤም ነው፤ ማታ 1፡00 ደግሞ 7፡00 ፒኤም። ይሄን ሁሉም ያውቃል፤ ስህተቱ የሚመጣው ስንቸኩል ነው። "3" ብለን እናስገባና ማስታወሻው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ወይም ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይጮሃል። መፍትሔው የማስታወሻው ርዕስ ላይ ራሱ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር መጻፍ ነው፦ "የወላጅ ስብሰባ፣ ጧት 3፡00"። ያኔ አስቀምጠሽ ስትወጪ ስልኩ 9፡00 ኤኤም ካላሳየሽ እዚያው ይታይሻል።

ሁለተኛው የሌሊቱ ነው። ስልኩ ቀን የሚቀይረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። "ሰኞ ሌሊት 10 ሰዓት አውቶቡስ አለኝ" ስትዪ፣ የሰኞ ማታው ሌሊት ማለትሽ ከሆነ ስልኩ ላይ ማክሰኞ 4፡00 ኤኤም ነው። ሰኞ ብለሽ ካስገባሽ አንድ ቀን ሙሉ ቀድሞ ይጮሃል፣ በትክክለኛው ሌሊት ደግሞ ዝም ይላል። ለጧት ጉዞ ሁልጊዜ "ለማክሰኞ አጥቢያ" ብሎ መጻፍና የስልኩን ቀን ማክሰኞ ማድረግ ነው።

መጋላ_ስፌት፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፤ የትዕዛዝ መዝገቡን ዛሬውኑ ለየሁት። ስቆጥረው ከ143ቱ 60 የሚሆነው ትዕዛዝ ነው፤ ሥራ አልነበረም።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ኪራይ ወር በገባ በ1 ነው የሚከፈለው፣ እቁቡ በ15። ስልኩ ላይ "በየወሩ" ብዬ ባስገባውም ቀኑ እየሸሸ ያስቸግረኛል። ሌላው፣ የቀረውን 80 ነገር አንድ በአንድ ደብተር ላይ ልገልብጠው?

ባቡር_መንገድ፦

ቀኑ የሚሸሸው "በየወሩ" ያልሽው የፈረንጁን ወር ስለሆነ ነው። የእኛ ወር ከጳጉሜን በቀር ሁሌም 30 ቀን ነው፤ የእነሱ 28፣ 30፣ 31 እያለ ይሄዳል። ጥቅምት 1 በአብዛኛው ዓመት ኦክቶበር 11 ይውላል፣ ኅዳር 1 ግን ኖቬምበር 10፣ ጥር 1 ጃንዋሪ 9፣ የካቲት 1 ፌብሩዋሪ 8። በየወሩ በ11 ብለሽ ያስገባሽው ማስታወሻ ጥር ላይ ሁለት ቀን ዘግይቶ ይመጣል፤ የካቲት ላይ ሦስት ቀን።

ስለዚህ "በየወሩ" የሚለውን ትተሽ "በየ30 ቀኑ" አድርጊው። ጎግል ካላንደር ላይ ድግግሞሹን ስትመርጪ ከዝርዝሩ መጨረሻ ራስሽ የምታስተካክዪው አማራጭ አለ፤ ቁጥሩን 30፣ መለኪያውን ቀን በይው። ከመስከረም እስከ ነሐሴ አንዲትም ቀን አይዛነፍም። የሚዛነፈው ጳጉሜን ላይ ብቻ ነው። ከነሐሴ 1 በኋላ 30 ቀን ሲቆጥር ጳጉሜን 1 ላይ ይጮሃል፤ ኪራዩ ግን መስከረም 1 ነው። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ማስታወሻውን አጥፍተሽ ከመስከረም 1 ጀምሮ እንደ አዲስ ታስገቢዋለሽ። ጳጉሜን 6 የምትሆንበትን ዓመት ያዢ፤ 2019 እንደዚያ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው መስከረም 1፣ 2020 ሴፕቴምበር 12 እንጂ 11 አይውልም።

በግሌ ግን ይህን ሁሉ ስልክ ላይ ማስገባት አስፈላጊ አይመስለኝም። የደብተሩ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ ከ1 እስከ 30 ቁጥር ወደ ታች ጻፊ። 1 ላይ ኪራይ፣ 15 ላይ እቁብ፣ መብራትና ውኃ የምትከፍዪበትን ቀን፣ የልጆች የትምህርት ክፍያን። የእኛ ወር 30 ስለሆነ ይህች አንዲት ገጽ ለሁሉም ወር ትሠራለች። ማታ የነገውን አምስት መስመር ስትጽፊ የነገውን ቁጥር ታያለሽ፤ እዚያ የተጻፈ ካለ ከአምስቱ አንዱ እሱ ይሆናል። የክፍያ ነገር ከሆነ ከቀኑ 3 ቀን በፊት ያለው ቁጥር ላይ "ለኪራይ ብር ማዘጋጀት" ብለሽ ጨምሪ። ወር በገባ በ1 ብሩ ካልተዘጋጀ ማስታወሱ ብቻውን አይጠቅምም፤ የ1 ከሆነ 28 ላይ ይጻፋል።

የእናትሽን መድኃኒት ግን ከቀን ጋር አታያይዢው። በቀን አንድ ፍሬ የሚወሰድ ከሆነ፣ አንድ ቀን ከተዘለለ ወይም ፋርማሲው 28 ፍሬ ከሰጠ ቆጠራሽ ይፋለሳል። አዲስ የተገዛ ዕለት የመጨረሻዎቹን 7 ፍሬዎች ለይተሽ በላስቲክ እሠሪያቸው። ላስቲኩ የተፈታ ቀን ደብተሩ ላይ "የእማማ መድኃኒት መግዛት" ይጻፋል። ሰባት ቀን አለሽ፤ አንዱ ፋርማሲ ቢያልቅበት ሌላው ጋ ለመዞር ይበቃል።

ክርና መርፌውም በዚሁ ሕግ ይሂድ። ጥቁርና ነጭ ክር ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ይኑርሽ፤ ሁለተኛውን የከፈትሽ ዕለት "ጥቁር ክር መግዛት" ይጻፋል። "ዕቃ ማየት" የሚባል ሥራ ዝርዝርሽ ላይ ጨርሶ አይኖርም፤ ዕቃው ራሱ ይናገራል።

ሳቢያን_ነፋስ፦

ስለ 80ው ነገር፦ አትገልብጪው። ሰዓት አስቀምጪና 20 ደቂቃ ብቻ ስጪው። ከላይ እስከ ታች አንዴ አንብበሽ የምትጠይቂው አንድ ጥያቄ ነው፦ "ይህ በሚቀጥሉት 14 ቀናት ባይሠራ ገንዘብ ወይም ሰው ይጎዳል?" አዎ የሚባለው ብቻ ደብተር ላይ ይጻፋል። ከ15 ከበለጠ አንብበሽ ሳይሆን ፈርተሽ ነው የጻፍሽው፤ እንደገና እዪው። የቀረውን አታጥፊው፣ አታስተካክዪው፣ አፑን ግን ከስልኩ የፊት ገጽ አንሺውና ኖቲፊኬሽኑን ዝጊ። 40 ቀን ይቀመጥ። በነዚያ ቀናት ውስጥ የሚያስፈልግ ነገር ሰው ይጠይቅሻል፣ ወይ ራሱ ይመጣል፣ ያኔ ደብተር ላይ ይገባል። በ40ኛው ቀን አፑን አራግፊው። ኖቲፊኬሽኑን መዝጋቱን አትርሺ፤ ሁለት ዝርዝር እኩል ከጮኸ አዲሱ አይያዝም።

ምድብ ስንት ይበቃል ላልሽው፣ ለአንቺ ሥራ አንድ ምልክት ይበቃል ባይ ነኝ፦ "ማ"፣ ማዶ። ሱቅሽ መጋላ ከሆነ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ከዚራ፣ ለገሀር ወይም ሳቢያን የሚያስኬድ ነገር ሁሉ መስመሩ መጀመሪያ ላይ "ማ" ይደረግበታል። ምልክት የሌለው ሱቁ ውስጥ ወይም እዚያው አካባቢ የሚሠራ ነው። "ቤት"፣ "ሱቅ"፣ "ልጆች"፣ "ገንዘብ" ብሎ በርዕስ መከፋፈል ለማየት ያምራል፤ ሲሠራ ግን አይረዳም፤ ምክንያቱም ሰው ቀኑን የሚያውለው በርዕስ ሳይሆን በቦታ ነው። ባንክ፣ የልጆች ትምህርት ቤትና ፋርማሲ ሦስት ምድብ ውስጥ ቢገቡም ሦስቱም ማዶ ከሆኑ አንድ ባጃጅ ነው የሚያደርስሽ።

"ማ" የተባሉት ሦስት ሲሆኑ አንድ ጧት ስጪያቸው። ጧት ያልኩት በድሬ ሙቀት ነው፤ ከ5 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ስለሚከር የተጀመረው መንገድ ግማሹ ይቀራል፣ ቀትር ላይ ደግሞ የሚዘጋው ብዙ ነው። ሐረር የሚያስኬድ ነገር ካለሽ ከደብተሩ ኋላ አንዲት ገጽ ለብቻው ያዢ፤ 50 ኪሎ ሜትር ዳገት ለአንድ ጉዳይ አይወጣም፤ እዚያ ገጽ ላይ ሲጠራቀም ነው የሚኬደው።

ስትወጪ ደብተሩን ይዘሽ አትዙሪ። የ"ማ" መስመሮቹን ብቻ ቁራጭ ወረቀት ላይ ገልብጪ፣ በተራ ክብ ጫፍ እስክሪብቶ ወይም በእርሳስ። ጄል እስክሪብቶ በዚህ ሙቀት ከመዳፍ ላብ ጋር ይሟሟል፤ ዚፑ 50 ይሁን 20 ሳንቲ ሳይለይ ይቀራል።

ጀጎል_ጥግ፦

ከሐረር ሰላም። ወረቀቱን አልቃወምም፤ ስልክ አይሆንም የሚለው ግን ትክክል አይመስለኝም። ደብተር ሱቅ ከቀረ ማታ ቤት ውስጥ የሚታወስ ነገር የሚጻፍበት የለም። ስልክ ደግሞ ሁሌ አብሮ ነው። ችግሩ ሰው ስልክን የሚጠቀምበት መንገድ ነው።

ቴሌግራም ላይ ለራስ መላክ የማይሠራው ለምን እንደሆነ እንይ። የላክሽው ነገር በተላከበት ቅደም ተከተል ይከመራል፤ በመሃሉ ያስቀመጥሽው ፎቶ፣ የዲዛይን ሥዕል፣ የድምፅ መልእክት ይገባል። ሲያልቅ የሚሰረዝበት ቦታ የለም፤ ከማያው ስክሪን ወደ ላይ ሲያልፍ ይረሳል። ፍለጋ አለው፣ ግን የረሳሽውን ነገር በምን ቃል ትፈልጊዋለሽ? ስለዚህ መግቢያ በር ብቻ አድርጊው፦ ከሱቅ ውጪ ሳለሽ የመጣልሽን እዚያ ጣይ፣ ማታ ወይም በማግስቱ ጧት ደብተሩ ላይ ጽፈሽ መልእክቱን ከቴሌግራም አጥፊው። ያልጠፋ መልእክት ያልተጻፈ ነው ማለት ነው፤ ሌላ ምልክት አያስፈልገውም። ሰዓት ያለው ነገር ከሆነ እዚያው የመላኪያውን ምልክት ተጭነሽ ስትይዢ ማስታወሻ የማድረጊያ አማራጭ ይመጣል፤ ቀንና ሰዓት ሰጥተሽው በሰዓቱ ራሱ ይመጣልሻል።

ደብተር ጨርሶ የማይሆንላችሁ ሌሎች አንባቢዎች ጎግል ኪፕ ላይ አንድ ማስታወሻ ብቻ ክፈቱ፤ ሁለት አይደለም። ምልክት ማድረጊያ ሳጥኖች ያሉት ዓይነት ይሁን። የላይኞቹ 5 የዛሬ ናቸው፣ በጣት እየጎተቱ ማስቀደም ነው። ኔትወርክ ሲጠፋም ይጻፍበታል፤ ሲመለስ ራሱ ያስቀምጣል። የሚበላሸው መለያ፣ ቀለምና ሁለተኛ ማስታወሻ የጨመራችሁ ዕለት ነው።

 እዚህ ማንም አላለውም፣ ግን እንዲህ ያለ ውይይት ላይ ሁልጊዜ የሚመጣ ምክር ስላለ ልቅደመው፦ "ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ አይጻፍ፣ ወዲያው ይሠራ" ይባላል። ቢሮ ለሚሠራ ይሆናል። ማሽን ላይ ለተቀመጠ ሰው አይሆንም። ኮሌታ ጀምረሽ ለአንድ ስልክ ከተነሳሽ የታጠፈው ጨርቅ ይንሸራተታል፣ እጅጌውን በተቃራኒ ትገጥሚዋለሽ፣ መፍታቱ ብቻ 20 ደቂቃ ነው። እንደሱ ያሉትን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጣል አድርጊና የጀመርሽው ልብስ ከማሽኑ ሲወርድ ሦስት አራቱን በአንድ ትንፋሽ ጨርሺ።

ረዳትሽን በተመለከተ፦ የእሷ ሥራ በአንቺ ደብተር ውስጥ አይኑር። እሷ አታየውም፤ አንቺ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እያነበብሽ ታዢያለሽ። ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ለጥፊ፣ የትዕዛዝ ቁጥርና ድርጊት ብቻ፦ "57 ቁልፍ መትከል፣ 59 መተኮስ፣ 60 ታች ማጠፍ"። ስትጨርስ ራሷ ትሰርዛለች። ከ6 መስመር አይብለጥ።

ባቡር_መንገድ፦

ጀጎል_ጥግ፣ ስለ ግድግዳው ወረቀት ትክክል ነህ። አንድ ነገር ግን፦ የመረከቢያ ቀኑንም ጨምሩበት። ረዳት ቀኑን ካላየች ቀላሉን ታስቀድማለች፤ መተኮስ ቁልፍ ከመትከል ይቀላል።

ሳምንታዊውን ማንም ስላልጠቀሰ ልጨምር። በሳምንት አንድ ጊዜ 15 ደቂቃ ካልተሰጠው የትኛውም ዝርዝር ይበላሻል። ዓርብ ይሁን እሑድ እንደየእምነታችሁና እንደ ገበያው ነው፤ ሱቁ የሚቀዘቅዝበትን ሰዓት ምረጡ። በዚያ ጊዜ መጀመሪያ "ጠ" የተደረገባቸውን ማየት፤ ሳምንት ያለፋቸውን ደውሎ መጠየቅ። ቀጥሎ የትዕዛዝ መዝገቡን ከፍቶ በሚቀጥሉት 7 ቀናት የሚረከቡትን ማየትና ለእያንዳንዱ የጎደለ ዕቃ ካለ አንድ መስመር መጻፍ። በመጨረሻ የሁለቱንም ገጽ ፎቶ ማንሳት፤ ደብተር ቢጠፋ፣ ውኃ ቢፈስበት የሳምንት እንጂ የዓመት ነገር አይጠፋም። የትዕዛዝ መዝገቡን በተለይ ፎቶ አንሺው፤ የሰው ቀብድ አለበት። አሠራሩን ማሻሻል፣ አዲስ ምልክት ማውጣት በዚህ 15 ደቂቃ ውስጥ አይገባም።

አንድ ሳምንት ቢዘለልስ? ያለፈውን ለማካካስ አትሞክሪ። አዲስ ገጽ ከፍተሽ ቀኑን ጽፈሽ ከአምስቱ መስመር ጀምሪ። ብዙ ሰው የሚያቆመው የዘለለውን ሊያሟላ ሲሞክር ነው።

መጋላ_ስፌት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ከ80ው 11 ብቻ ቀረ። የነገውን ጽፌያለሁ፤ ትክክል መሆኑን እዩልኝ፦

1. የልጆች ትምህርት ቤት
2. ማሽን ማሠራት
3. ማ፣ ለቁ. 61 ባለ 50 ሳንቲ ሰማያዊ ዚፕ
4. ማ፣ የእማማ መድኃኒት መግዛት
5. ቁ. 61 ዚፕ መግዛት

ከዚራ_ጥላ፦

ጥሩ ጀምረሻል፤ አራተኛው ትክክል ነው። የቀሩትን እንይ።

1ኛው ድርጊት የለውም። ምን ነበር? የስብሰባ ቀን መጠየቅ ከሆነ "ለክፍል ኃላፊዋ ደውዬ የወላጅ ስብሰባ ቀን መጠየቅ" ይሁን። ስልክ ስለሆነ "ማ" አያስፈልገውም።

2ኛው ትልቅ ነው፤ እንዲህ እንደተጻፈ ለሳምንት ያድራል። ማሽኑ ምን ሆኖ ነው? ክር እየበጠሰ ከሆነ የመጀመሪያው መስመር ባለሙያ መጥራት አይደለም። "ማሽን 2፦ አዲስ 90/14 መርፌ ገጥሞ ክሩን እንደገና ማስገባትና በቁራጭ ጨርቅ መሞከር" ብለሽ ጻፊ። አሥር ደቂቃ ነው። የደነዘዘ ወይም የተጣመመ መርፌ፣ በተሳሳተ መንገድ የገባ ክር፣ ከመጠን በላይ የጠበቀ የክር መወጠሪያ፣ ክር የሚበጥሱት በብዛት እነዚህ ናቸው። ካልተስተካከለ ማታ ላይ ኤክስ አድርገሽ "ለባለሙያ መደወል" የሚል አዲስ መስመር ወደ ግራው ገጽ ይገባል።

መጋላ_ስፌት፦

አዎ፣ ክር ነው የሚበጥሰው፤ ከላይ ያለው ክር። ዚፑን ግን ማዶ ልግዛው ወይስ እዚሁ?

ከዚራ_ጥላ፦

ላይኛው ክር ከሆነ መርፌውን ስትገጥሚ ወደ ላይ እስከ መጨረሻው መግባቱን እዪ፣ ብሎኑን ከዚያ አጥብቂ፤ ግማሽ የገባ መርፌም ይበጥሳል። ዚፕ መጋላ ውስጥ ስለማይጠፋ "ማ"ውን አንሺለት። ቁ. 61 ደግሞ ሁለት ጊዜ ገብቷል፤ ቀለሙና ልኩ የተጻፈበትን አስቀሪና 5ኛውን ሰርዢው።